ከጎናችሁ ነን ያሉት

ውድ እህቴ ሸጌ፣

«ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ አልጀምርም። አባታችን በደብዳቤ ላይ ውሸት አይጻፍም ይላሉ፤ በአፍ የተዋሸ ከተናጋሪው ጋር ይሞታል፣ የተጻፈ ግን ጸሐፊው ካለፈም በኋላ ሲዋሽ ይኖራል። ስለዚህ እንዳለ ልንገርሽ። ሙት ዓመትሽ እየደረሰ ነው። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ። ይህንን የምጽፍልሽ እነሱ ባሠሩት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ወንበሩ አዲስ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ቤቱን አልወቅስም። ጠረጴዛው ላይ የባንዲራቸው ተለጣፊ ነበረ፤ ትንንሾቹ ልጆች በጥፍራቸው እየላጡ ግማሹን ጨርሰውታል። ማንም አላዘዛቸውም። ልጅ የተለጠፈ ነገር ካየ ይልጣል።

የአገራቸውን ስም አልጽፈውም። አንቺ ታውቂዋለሽ። ሌላ ሰው ይህንን ቢያነብ የፈለገውን አገር ያስገባበት፤ ብዙ አይሳሳትም።

ያንን ካርታ ታስታውሻለሽ? ደጃችን ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ በስልክሽ ያሳየሽኝን። ዜጎቻቸው የት መሄድ እንደሚችሉና የት እንደማይችሉ የሚነግር ካርታ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። ጣትሽን ላስታ ላይ አሳረፍሽና «እይ፣ በርበሬ ነስንሰውብናል» አልሽ። ባጃጁን አቁሞ ሲያዳምጥ የነበረው ሙጂብ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «እንዲህ ከሆነ ብርቱካናማው ላይ የቤት ኪራይ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሳቅን። አንቺ ግን ሳቅሽን ቶሎ አቆምሽ። «ሆቴሎቹን የዘጋው ይህ ቀለም ነው» አልሽን። እውነትሽን ነበር። ተኩስ መጥቶ ይሄዳል፤ ቀለሙ ግን ተኩሱ ካቆመም በኋላ ይቀመጣል። ጓደኞችሽ የአስጎብኚ ባጃቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይውሉ ነበር። በሩቅ አገር፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቀለም መርጦ የአንድን ከተማ ምድጃ ማቀዝቀዝ እንደሚችል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

አንቺ ሥራ ያገኘሽው ያ ቀለም እያለ ነው። ኤምባሲያቸው የይምርሐነ ክርስቶስን የግድግዳ ሥዕሎች የሚጠግን ቡድን ላከ። አንቺ ቋንቋቸውን አዲስ አበባ እነሱ በከፈቱት የባህል ማዕከል ተምረሽ ስለነበር አስተርጓሚ ሆንሽ። «ቀይ ላይ አትሂዱ እያሉ እነሱ እንዴት መጡ?» ብዬ ብጠይቅሽ፣ «ቀይ ለቱሪስት ነው፤ ለወዳጅነት ሲሆን ሮዝ ይሆናል» አልሽኝ።

እንዲህ ነበርሽ። ክፉ አታወሪባቸውም፣ አታሞግሻቸውምም። «እነሱ የሚጠግኑት ስማቸው እንዲጠራ ነው፤ እኛ የምናስጠግነው ሥዕሉ እንዲኖር ነው። ይህ ንግድ ነው፣ ንግድ ደግሞ ነውር አይደለም። ብቻ ነገሩ በስሙ ይጠራ» ትይ ነበር። አንድ ትልቅ ሹማቸው ዋሻው ውስጥ ቆመው ረጅም ንግግር ካደረጉ በኋላ የደብሩ አስተዳዳሪ «ልጄ፣ ሲጠቃለል ምን አሉ?» ብለው ጠየቁሽ። «ይህ ቤተ ክርስቲያን የሰው ልጅ ሁሉ ነው አሉ» አልሻቸው። አባም፣ «እንግዲያው ክረምት መንገዱ ሲናድ የሰው ልጅ ሁሉ አካፋ ይዞ ይምጣ» አሉ። ሁሉም የሚታለፍ ቀልድ ነው ብሎ ሲያስብ አንቺ ዞር ብለሽ ለሹሙ እንዳለ ተረጎምሽላቸው። ቃል አትጨምሪም፣ ቃል አትቀንሺም።

ሣራንም አማርኛ ያስተማርሻት እንደዚሁ ነው። ሣራ፣ ያቺ ረጅሟ የሥዕል ጠጋኝ። ስም አልያዝ ሲላት፣ «ስሙን ተዪው፤ በጣትሽ ታሳያለሽ። ግሥ ያዢ። ግሥ የያዘ ሰው በየትም አገር ይኖራል» አልሻት። ቤታችን መጥታ መጣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ በላሁ፣ ጠገብኩ፣ ሄድኩ ብላ ስትጨርስ እማማ እስክታነባ ትስቅ ነበር።

ስለዚያ ቀን ብዙ አልጽፍም፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ የማውቀው የተነገረኝን ነው። ጠዋት ከኤምባሲው መልእክት መጣ፤ ውጊያው እየተጠጋ ነው፣ ዜጎቻችን አሁኑኑ ይውጡ የሚል። ላሊበላ አየር ማረፊያ ትንሽ አውሮፕላን ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ሁለት መኪና ነበራችሁ። በመጀመሪያው እነሱ ሄዱ። አንቺና ሾፌሩ ዕቃውን ሰብስባችሁ በሁለተኛው እንድትከተሉ ታዘዛችሁ፤ መብራቶቹን፣ ማሽኑን፣ የቀለም መድኃኒት ያለበትን ሣጥን። ከሰዓት በኋላ ደወልሽልኝ። «እየመጣሁ ነው» አልሽ። እኔም «እማማ ሻይ ቅጠል አልቋል ብላለች» አልኩሽ። «እሺ» ብለሽ ዘጋሽው።

ከብልባላ ወዲህ መንገዱ ላይ ተኩስ ተከፍቶ ነበር። ሾፌሩ እግሩን ተመቶ ተረፈ። ጥይቱ ከየት በኩል እንደመጣ የሚነግረን እስከ ዛሬ አላገኘንም። አባታችን «ባውቀው ልጄ ትነሣለች?» ብለው መጠየቁን ትተዋል። እኔ አልተውኩም። ግን የዛሬው ደብዳቤ ስለ ጥይቱ አይደለም።

ከቀብርሽ በኋላ ኔትወርክ ሲመለስ የኤምባሲው መግለጫ ከስልክ ስልክ ዞሮ ደረሰን። ለቅሶው ላይ የነበሩት አስተማሪያችን ቲቸር ሐቢባ ለአባታችን ተረጎሙላቸው። «በአካባቢ ባልደረባችን ሞት ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል። በዚህ ከባድ ጊዜ ከቤተሰቧ ጎን ቆመናል።»

አባታችን ከጋቢያቸው ውስጥ ቀና አሉ።

«ከጎናችን ቆመናል አሉ?»

«እንዲያ ነው የሚለው፣ ቄስ።»

«መንገድ ላይ ናቸው ማለት ነው።»

ቲቸር ሐቢባ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ።

እሳቸው ሌላ ትርጉም አያውቁም፣ ሸጌ። በእኛ አገር ለሐዘንተኛ «ከጎንህ ነኝ» ያለ ሰው ጫማውን አውልቆ ሰሌኑ ላይ ከጎኑ ይቀመጣል። አባታችን አንድ አጎዛ አስመጡና በቀኛቸው አነጠፉት። «የእንግዶቹ ነው፤ ማንም እንዳይቀመጥበት» አሉ። ዘመዶቻችን ከየቀበሌው መጡ፣ ካህናቱ መጡ፣ የሙጂብ አባት ከነልጆቻቸው መጡ። ሁሉም ያንን አጎዛ እየዞረ አለፈ። ሣልስቱ አለፈ፣ ሰባቱ አለፈ። የአዲስ አበባ ጓደኞችሽ እድር የሚሉት የሰፈራችን ቅሬ ድንኳኑን ሊነቅል መጣ። የቅሬው ዳኛ አቶ አዝመራው አባታችን ፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቄስ፣ ድንኳኑን ታች ሰፈር ሌላ ሐዘን ይፈልገዋል።»

«እንግዶች አሉብኝ።»

«የትኞቹ?»

«ከጎናችሁ ነን ያሉት።»

አቶ አዝመራው ጢማቸውን ዳበሱ። ድንኳኑን ነቀሉ፤ አጎዛውን ግን አልነኩትም። አጎዛው ቤት ገባና መደቡ አጠገብ ተነጠፈ። አርባሽ ሲወጣም እዚያው ነበረ።

ጠላ ቤት ተሣቀባቸው። «ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ኤምባሲ እስኪያጽናናቸው ሐዘን አይወጡም» አሉ። እኔም አፍሬ አንድ ቀን፣ «አባባ፣ እንዲሁ የሚባል ነው። የዲፕሎማሲ ቋንቋ ነው። ለሁሉም ሰው እንዲያ ይላሉ» አልኳቸው።

«ታዲያ በዲፕሎማሲ ጎን ምን ማለት ነው?»

አጎዛውን በእጃቸው እያስተካከሉ ቀጠሉ።

«ሐሳባችን ከናንተ ጋር ነው ቢሉ አልጠብቃቸውም ነበር። ሐሳብ እግር የለውም። እነሱ ግን ቆመናል አሉ። የቆመ ሰው መሄድ አያቅተውም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ማፈሬን ትቼ መናደድ ጀመርኩ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ቲቸር ሐቢባ ስለ አገሮች ግንኙነት አስተማሩን። አንዱ ኃይል ወታደርና ማዕቀብ ነው አሉ፤ ማዕቀብ ማለት አጠፋ የተባለን አገር ከገበያውም ከሸንጎውም ማግለል ነው። «ከቅሬ ማስወጣት ነዋ» ብዬ ከኋላ ተናገርኩ። ይቆጡኛል ስል፣ «ልክ ነህ። ለቅሶ ላልደረሰ ሰው እሳት አይጫርለትም ትሉ የለ? ያው ነው፤ ልዩነቱ እናንተ ጦር መርከብ የላችሁም» አሉኝ። ሌላው ደግሞ ለስላሳ ኃይል ነው፤ ሳይገፉህ ወደ እነሱ እንድትሄድ የሚያደርግ። ቋንቋ፣ ኳስ፣ የትምህርት ዕድል፣ የሥዕል ጥገና።

ጓደኛዬ ሰሎሞን እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ቤተ መጻሕፍት መሥራትስ?»

«እሱም።»

«ብንቀበል ተሸነፍን ማለት ነው?»

«ውኃ ሲሰጡህ ጠጣ። ዝናቡንም ያዘነብነው እኛ ነን ካሉህ ግን ቀና ብለህ ሰማይ እይ።» ከዚያ ፈገግ ብለው፣ «ደግሞ እኛ ለስላሳ ኃይል የለንም ያለው ማነው? ለገና ያ ሁሉ ሰው በእግሩ ወደዚህ የሚመጣው ማን ገፍቶት ነው?» አሉ።

«የኛ ግንበኞች መላእክት ናቸዋ» አለ ሰሎሞን፤ «ሌሊት ጠርበው ሰሌዳ ሳይለጥፉ ነው የሄዱት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰሎሞን የጠየቀው በከንቱ አልነበረም። መንገዱ ትንሽ ሰላም ሲያገኝ ኤምባሲው ከትምህርት ቤታችን ጎን ቤተ መጻሕፍት ማስገንባት ጀምሮ ነበር። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ሊመታ ሲል ጋሽ ምስክር ቤታችን መጣ። አዲስ አበባ ኤምባሲው ውስጥ የሚሠራ፣ ትሕትና ያለው ሰው ነው። ከመቀመጡ በፊት «ነፍስ ይማር» አለ። አጎዛው ላይ ሊቀመጥ ሲል አባታችን «እሱ ተይዟል፣ ልጄ» አሉትና በርጩማ ሳቡለት።

የመጣው ደስ በሚል ወሬ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በስምሽ ይጠራል። አምባሳደሩ ራሳቸው መጥተው ሰሌዳውን ይገልጣሉ። እኔ አንቺ ባስተማርሽኝ በቋንቋቸው የምስጋና ንግግር አነባለሁ። ለእኔም እዚያ አገራቸው የትምህርት ዕድል እየታሰበ ነው። እማማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ግማሹ ደስታ ነበር። ከዚያ የሰሌዳውን ፎቶ በስልኩ አሳየኝ። ስምሽ ከላይ፤ ከሥሩ «ለሁለቱ ሕዝቦች ወዳጅነት ሕይወቷን የሰጠች» ይላል። እንዳነበው ተጽፎ በተሰጠኝ ንግግር ውስጥም ያው ቃል አለ።

ሲወጣ እስከ በር ተከተልኩት።

«ጋሽ ምስክር፣ የሰጠች የሚለው ይነሣ።»

«ለምን?»

«አልሰጠችም።»

«ክብር ነው እኮ፣ ኪዳን። ለጀግና የሚባል ነው።»

«መስጠት የሚባለው የጠየቀ ሲኖር ነው። ሕይወትሽን ስጪ ያላት የለም። ዕቃ አምጪ ነው የተባለችው።»

ዙሪያውን አየ። «ድምፅህን ቀነስ አድርግ። እኔም እኮ የአካባቢ ባልደረባ ነኝ» አለኝ። ወዲያው ያመለጠው ነገር ቆጭቶት መሰለኝ ፈጠን ብሎ ቀጠለ። «ስማኝ፤ ዲፕሎማሲ ማለት ሁሉም ሰው ሳያፍር ከክፍሉ የሚወጣበትን ቃል መፈለግ ነው።»

«እህቴ ከክፍሉ አልወጣችማ።»

ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ሰሌዳው ተሠርቶ አልቋል። አንዲት ቃል ናት። በማዶ ደግሞ አንድ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ይጠብቅሃል። አስብበት» ብሎኝ ሄደ።

አሰብኩበት። አልዋሽሽም፣ መሄድ እፈልጋለሁ። ትላልቅ ቤተ መጻሕፍት፣ መብራት የማይጠፋበት ከተማ ማየት እፈልጋለሁ። እማማም እጄን ይዛ፣ «ልጄ፣ ቃል ሆድ አይቀድ፤ አንብብላቸውና ሂድ። አንዷን ቀብሬያለሁ፤ አንዱ እንኳ ከዚህ ቀይ ከሚሉት ይውጣልኝ» አለችኝ። ለእናት ምን ይመለሳል? አባታችን አጎዛውን አወጡ፣ ፀሐይ ላይ አራገፉት፣ መልሰው አነጠፉት።

ቁጣዬ በእነሱ ላይ ብቻ አይምሰልሽ። ዜጎቻችንን እናውጣ ማለታቸው ገብቶኛል፤ አገር ማለት የራሱን ሰው የሚቆጥር ነው። ያንቺስ አገር ያን ቀን ስትቆጥር የት ላይ ነበርሽ? የኛዋ አገር ከጎናችሁ ነኝም አላለችን። እሷ ስላላለች አባታችን አልጠበቋትም፤ እኔ ግን እጠብቃታለሁ። አድጌ እጠይቃታለሁ።

የምረቃው ቀን ሲቃረብ ከከተማው አስተዳደር አንድ ሰው አቶ አዝመራው ዘንድ መጣ። ለእንግዶቹ ጥላ የሚሆን ትልቅ ድንኳን ያለው ቅሬው ጋ ብቻ ነው። ሙጂብ እዚያ ስለነበር ወሬውን ቃል በቃል አመጣልን።

«ድንኳኑ ለለቅሶም ለሠርግም ይተከላል» አሉ አቶ አዝመራው፤ «ለቅሶ ላልደረሰ ሰው የደስታ ድንኳን ግን ተክለን አናውቅም።»

«ጋሽ አዝመራው፣ ኤምባሲ እኮ ነው።»

«ቢሆንስ? ከጎናችሁ ነን ሲሉ ማን አስገደዳቸው? ቃሉ ውስጥ የገቡት ራሳቸው ናቸው።»

«ታዲያ አምባሳደሩ ፀሐይ ላይ ይቁሙ?»

«ፀሐዩ የሰው ልጅ ሁሉ ነው።»

ሙጂብ ይህንን ሲነግረን አባታችን ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ቀኑ ደረሰ። ተማሪዎች የወረቀት ባንዲራ ይዘን ተሰለፍን፤ የኛም የእነሱም። ጆሯቸው ላይ ሽቦ የሰኩ ሰዎች ቀድመው መጥተው የሽንት ቤቱን በር ሳይቀር ከፍተው አዩ። አባታችን ሰሌኑን ጠቅልለው፣ አጎዛውን ትከሻቸው ላይ ጥለው መጡ። ከአዲሱ ቤት ጎን ካለችው ወይራ ሥር አነጠፉና ተቀመጡ። «እነሱ ቤቴ ለመምጣት መንገዱ ከከበዳቸው ሰሌኑ ይምጣላቸው» አሉኝ። ቀኛቸውን ባዶ ተውት። ካህናቱ በግራቸው ተቀመጡ፣ የቅሬው ሰዎች ከኋላ። ሁለት ስብሰባ ሆነ፤ አንዱ በወንበር፣ አንዱ በሰሌን።

አምባሳደሩ ጥሩ ተናገሩ። ስምሽን አስተካክለው ጠሩት፤ ተለማምደውት መሆን አለበት። ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ወረቀቱን ይዤ በቋንቋቸው አነበብኩ። ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ሁለቱ ሕዝቦች። የኋላው ረድፍ ላይ ሣራን አየኋት፤ መምጣቷን አላወቅሁም ነበር። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ደረስኩ።

እማማን አየኋት። ይቅር በዪኝ አልኳት በልቤ። ወረቀቱን አጠፍኩና ያለ ወረቀት ቀጠልኩ።

«እዚህ ላይ አንድ ግሥ ስህተት ነው። እህቴ ሕይወቷን አልሰጠችም። ዕቃችሁን ይዛ ወደ ቤቷ እየመጣች ነበር። ከቤተሰቧ ጎን ቆመናል ብላችሁ ጽፋችኋል። አባቴ አምነው ቦታ ይዘውላችኋል። ቦታው ያውና።»

በጣቴ አጎዛውን አሳየሁ። ከዚያ ያንኑ በአማርኛ ደገምኩት፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሰልፉ ውስጥ የወረቀት ባንዲራዎቹ ሲንሿሹ ይሰማ ነበር።

ጆሮው ላይ ሽቦ ያለው ሰው ለአምባሳደሩ ሹክ አላቸው። እሳቸው ለጋሽ ምስክር፤ ጋሽ ምስክርም ወደ ሰሌኑ ሄዶ ጎንበስ አለ። «አባታችን፣ ክቡር አምባሳደሩ ሐዘናቸው ጥልቅ ነው። የጸጥታ ሰዎቹ የሰጧቸው ጊዜ ስላለቀ ነው እንጂ መቀመጥ ይፈልጉ ነበር።»

«ግድ የለም» አሉ አባታችን። «እሷም ጊዜ ሳይሰጣት ነው የሄደችው።»

ጋሽ ምስክር እንደቆመ ቀረ። አጠገቡ ሄጄ «ተርጉመው» አልኩት። አየኝ። ከዚያ ቀጥ አለና ጮክ ብሎ፣ አንዲት ቃል ሳያስቀር ተረጎመው። የአምባሳደሩ ፊት የካርታችንን ቀለም መሰለ። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ለአባታችን ሰላምታ ሰጡና ወደ መኪናቸው ሄዱ። ክፉ ሰው አይመስሉም። ደፍረው ሦስት እርምጃ ወደ ግራ መምጣት ያቃታቸው ሰው ናቸው።

መኪኖቹ ሲነሡ ሣራ ከኋላው ረድፍ ወጣች። አንዱ ክንዷን ሊይዛት ሲል አስለቀቀችው። ሰሌኑ ጫፍ ላይ ጫማዋን አወለቀች። አጎዛው ላይ ተንበርክካ አባታችንን እያየች የሚመጣላትን ቃል ፈለገች፤ ስም እንደ ድሮው አልያዛትም። ግሥ ግን አልረሳችም።

«እኔ ሄድኩ» አለች። «እሷ ቀረች።»

አንቺ ያስተማርሻት ሁለት ግሥ ኤምባሲው በዚህ ሁሉ ወር ያልጻፈውን ጨረሰው።

አባታችን እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ። «ደረስሽ፣ ልጄ። ተቀመጪ።»

ያን ጊዜ እማማ ከወንበር ተነሥታ ወደ ሰሌኑ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፤ ቆሜ መኪኖቹ ዳገቱን ሲወጡ አየሁ። ለሣራ አንድ መኪና ቀርቶላት ነበር። ሁለተኛው መኪና ለእነሱ ሰው ሲሆን ይጠብቃል።

አቶ አዝመራው ከኋላ፣ «እንግዲህ የቅሬው ሰው ሁሉ ይስማ» አሉ። «ሣራ ደርሳለች። ኤምባሲው ግን እንዳለ ነው።»

ሰሌዳው ሳይገለጥ በጨርቁ እንደተጠቀለለ ተመለሰ። ጋሽ ምስክር መኪናው ውስጥ ሲያስገባው፣ «ያቺን ቃል እኔም አልወደድኳትም ነበር» አለኝ። ስለ ትምህርት ዕድሉ ሲደውልልኝ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ይላል። ይህም የእነሱ ግሥ ነው፤ ሄደም አይልም፣ ቀረም አይልም። ቢልኩኝ እሄዳለሁ፣ እማራለሁ፣ እመለሳለሁ። ባይልኩኝም ቋንቋቸውን አልተውም። አንድ ቀን ከጠረጴዛቸው ማዶ እቀመጣለሁ፤ ያን ጊዜ ጎን ሲሉ የቱ ጎን ብዬ እጠይቃለሁ። ያንቺን ቃል ሸጬ ግን የትም አልሄድም። እማማ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ በሦስተኛው «እንደ እህትህ ግትር ነህ» አለችኝ። ከእሷ አፍ ምርቃት ነው።

ትናንት ከሰሎሞን ጋር ቀለም ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ሰማያዊውን አቀረበልን። እኔ ቀዩን አልኩት። መሰላል ላይ ወጥቼ ከቤተ መጻሕፍቱ በር በላይ በእጄ ጻፍኩት፦

ሸጌ ሰይፈ ሥላሴ
ወደ ቤቷ እየመጣች ነበር

ያ የአስተዳደሩ ሰው ከታች ቆሞ «ፈቃድ አለህ?» አለኝ። ሰሎሞን መሰላሉን እንደያዘ፣ «እነዚያ መላእክትስ ከማን አስፈቅደው ነው የጠረቡት?» አለው። ሰውየው ሊቆጣ ጀምሮ ቀና ብሎ አነበበው፤ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና ሄደ። ጽሑፉ ትንሽ ይጣመማል። ከመንገዱ ማዶ ግን ይነበባል።

አጎዛው አሁንም መደቡ አጠገብ ተነጥፏል። ሣራ የተቀመጠችበት በኩል ጠጉሩ ተኝቷል፤ ሌላው ጎን እንደቆመ ነው። አባታችን ቦታው ገና አልሞላም ይላሉ፤ እኔም ከእንግዲህ አላፍርባቸውም። ሙት ዓመትሽ ሲወጣ ድንኳኑ ይተከላል፤ አቶ አዝመራው ቃል ገብተዋል። የመጣ ይመጣል፣ ያልመጣም ይታወቃል።

ደግሞ ሻይ ቅጠሉን ገዝቻለሁ። አታስቢ።

ቃል ሳይጨምር፣ ቃል ሳይቀንስ ከጎንሽ ያለው ወንድምሽ፣

ኪዳን ሰይፈ ሥላሴ
ላሊበላ፣ ከቀዩ ላይ